ቀኝ እጄ የገጣጠመችው ቦምብ ጣይ

በግንበኞች ዘንድ ትኩስ ሻይ ጨብጦ የሚጠጣ ሰው ይከበራል። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሻይ በብርጭቆ ይመጣል፤ ብርጭቆው መያዣ የለውም። ሌላው ሰው የብርጭቆውን አፍ በሁለት ጣት ይዞ ኡፍ ኡፍ ሲል እኔ ወገቡን ጨብጬ ፉት እል ነበር።

«የኑሪ እጅ እሳት አይፈራም!» ይሉኛል። «እጅ ማለት እንዲህ ነው፤ ሲሚንቶ የጠጣ እጅ!»

ደስ ይለኝ ነበር። ሲሚንቶና ኖራ የግንበኛን መዳፍ እንደ ጫማ ሶል ያደርቁታል፤ የደረቀ መዳፍ ደግሞ በኛ ሙያ የምስክር ወረቀት ነው። እጄ ትኩሱን ያልፈራችው ስለጠነከረች ሳይሆን ስለማይሰማት መሆኑን ማንም አላሰበም። እኔም አላሰብኩም። ሕመሜን ሲያደንቁልኝ እኔ አብሬ እስቅ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ምስጋና የሚቀበል ሌላ ሰው ካለ ቶሎ እንዲነቃ ብዬ ነው። ትምህርቴ ትንሽ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንቀራፈፍ አንባቢ ይታገሠኝ፤ እኔ እንደሆነ ድሮም መቸኮል አልችልበትም።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት ላይ ነበር፤ ባለቤቴ ዘይነባ በደጃፋችን ትንሽ ሱቅ ነበራት፤ እኔ ወደ የካ በኩል መጋዘን ስንሠራ ነበር የምውለው። አንድ ቀን ጡብ የሚያቀብለኝ ሠራተኛ ድንገት ጮኸ።

«ጋሽ ኑሪ! ግድግዳው ደም ደም ይላል!»

ዞር ብዬ አየሁ። እውነትም ከጠዋት ጀምሬ የደረደርኩት ጡብ ሁሉ ጫፍ ጫፉ ቀልቷል። ትንሿ ጣቴ ከጎኗ እስከ ውስጥ ተከፍታለች። ምን እንደቆረጣት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሕመም ቢሰማኝ ኖሮ አውቅ ነበር። በጨርቅ አሰርኳትና ሥራዬን ቀጠልኩ። ማታ ግን ዘይነባ ጨርቁን ፈትታ ስታጥብልኝ ፊቴን ፊቴን ታየኝ ነበር።

«አያምህም እንዴ?»

«ኧረ ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ይሄ ‹ምንም› ያልከው ነገር ደስ አላለኝም የከድር አባት» አለች። ከድር የመጀመሪያ ልጃችን ነው።

እሷ ናት ያኔ ከክርኔ በታች ያለችውን ሐመር ያለች ቦታ ያስተዋለችው። እኔ ቋቁቻ ነው ብዬ ሎሚ ስቀባት ከርሜ ነበር። ሎሚው አያቃጥለኝም። ይህንንም እንደ ደህና ነገር ነበር የምቆጥረው።

ከዚያ ትንሿ ጣትና ቀለበት ጣቴ ወደ ውስጥ ይታጠፉ ጀመር። ቀና አደርጋቸዋለሁ፤ ስለቃቸው ተመልሰው ይታጠፋሉ። ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ፤ «ጅማቱ ዞሯል» ብሎ በቅቤ ሲያሸኝ ሰነበተ። ክሊኒክ ሄድኩ፤ ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ ጠብቄ ስገባ የነበረው ሰው እጄን ሳይነካ «ሪህ ነው፤ ሥጋ ይተዉ» አለኝ። ሥጋውን እንኳ ኑሮው ራሱ አስተውቶናል። መርፌ አዘዘልኝ። መርፌ ሲወጉት የዳነ የማይመስለው ማን አለ? እኔም ዳንኩ ብዬ ወጣሁ። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ «ብርድ ነው፣ ቪታሚን ነው» አሉኝና ሌላ መርፌ ጨመሩልኝ። እነዚያን ሰዎች አልወቅሳቸውም፤ በር ላይ ሰው እንደ ሰልፍ ተኮልኩሎ አንድን ጣት ማን ቆሞ ያያል?

አንድ ቀን ግን ማንኪያዬ፣ ይሄ ሲሚንቶ የምንለጥፍበት፣ ከመወጣጫው ላይ ሳለሁ ከእጄ ወጥቶ ታች ከቆመ ሰው እግር ሥር ተተከለ። ሰውየው በአላህ ቸርነት ተረፈ። አለቃችን ጠራኝና በደግ ቃል «ጋሽ ኑሪ፣ ለጊዜው ዕቃ ይጠብቁ» አለኝ። ሲሚንቶ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሌላው ሲገነባ ማየት ጀመርኩ። ያኔ ፍርሃት ገባኝ። ከግንባታ በቀር የማውቀው ነገር የለኝም፤ ቀኝ እጄ ከሄደች እኔም አብሬያት መሄዴ ነው።

ጎረቤታችን እማማ ትርንጎ «እንጦጦ ወጥተህ ጠበል ተጠመቅ፤ ጠበል እስላም ክርስቲያን አይልም» አሉኝ። አሉኝና ወጣሁ። እዚያ ተራዬን ስጠብቅ አንድ አሮጌ የወታደር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን አተኩረው ያያሉ። የሳቸው ጣቶች ከመጀመሪያው አንጓ በላይ የሉም።

«ከየት ነህ?»

«ከታች ነኝ፣ ከፈረንሳይ።»

«ስምህስ?»

«ኑሪ።»

«እስላም ሆነህ ጠበል ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ጎረቤቴ ናቸው የላኩኝ።»

«ጎረቤትህ ደግ ናቸው» አሉኝ። «ጠበሉም ደግ ነው፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ስማኝ ልጄ፤ ያቺ የታጠፈች ጣትህን አውቃታለሁ። የኔም እንደሷ ነበር የጀመረችው። ‹ብርድ ነው› አሉኝ፣ ‹ቡዳ ነው› አሉኝ፣ ስዞር ስዞር ይኸው ጣቴ አለቀ። ይሄ የሥጋ ደዌ ነው። አትደንግጥ። መድኃኒት አለው። ዛሬ ተጠመቅ፤ ነገ ግን ሆስፒታል ሂድ፤ የምታከምበትን ቦታ እነግርሃለሁ።»

ባሻ ደገፉ ይባላሉ። እስከ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ የምቆም ይመስለኛል። ሰው የተዋረደበትን ነገር ደብቆ በሚኖርበት ዘመን እጃቸውን ዘርግተው ለማያውቁት ሰው አሳዩ።

ሆስፒታሉ ከኛ ሰፈር ርቆ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። በማለዳ ሄጄ ጠበቅኩ። አንዲት ሲስተር፣ አቦነሽ የምትባል፣ ዓይኔን እንድጨፍን ነገረችኝ። «በጥጥ ስነካዎት ‹እዚህ ጋ› ይበሉኝ ጋሽ ኑሪ።» ጨፈንኩ። ጠበቅኩ። ጠበቅኩ።

«ሲስተር፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?» አልኳት።

ዓይኔን ስገልጥ ጥጡን አስቀምጣ እጄን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «ጨርሰናል» አለችኝ።

በዚያ ቀን ወደ ቤት የወጣሁበት አቀበት እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። ለዘይነባ ነገርኳት፤ ነግሬያትም «ከዛሬ ጀምሮ ምግቤን ለብቻዬ አቅርቢልኝ» አልኳት። ሆስፒታሉ በር ላይ ያየኝ ሰው ወሬውን ለወንድሟ ቀድሞ አድርሶት ኖሯል፤ «ወደኛ ነይ» ብሎ ልኮባት ነበር። እሷ ሳህኑን መሀል አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ይህን ሁሉ ዘመን አብረን በልተን ዛሬ እንግዳ ላርግህ? ብላ። ወንድሜን ደግሞ ‹ሱቅ የሚጠብቅልኝ የለም› ብዬ መልሼበታለሁ።»

«እንዲያ ነው ያልሽው? ለሱቁ ነው?»

«ለሱቁ ነዋ! ለአንተማ ማን ይቀመጣል?» ብላ አጎረሰችኝ። የሴት ጀግና ሲባል ስሰማ ለኔ የምትመጣብኝ ያቺ ጉርሻ ናት።

እንግዲህ ስለ በሽታው ትንሽ ልበል። ነርቭ የሚባል አለ፤ እንደ ስልክ ሽቦ ነው። ከአንጎል ወደ እጅ ትእዛዝ ያደርሳል፣ ከእጅ ወደ አንጎል ወሬ ይመልሳል። ሥጋ ደዌ ይህን ሽቦ ነው የሚበላው። ከሆስፒታሉ የሚሰጠው ክኒን የበሽታውን ተባይ ይገድላል፤ የተበጠሰውን ሽቦ ግን አይመልስም። ስለዚህ ክኒኑን ስውጥ ከርሜ አንድ ፈረንጅ ሐኪም እጄን ቀደደኝ። ደህና ከሆነው ጣቴ ጤነኛ ጅማት ወስዶ ከታጠፉት ጋር አሰረው። ሲስተር አቦነሽ ስታስረዳኝ እንዲህ አለች፦

«ጅማትዎ ዝውውር ደርሶታል ጋሽ ኑሪ። ድሮ ሌላ ክፍል ነበር የሚሠራው። አዲሱን መሥሪያ ቤቱን ገና አላወቀም፤ እኛ ነን የምናስተምረው።»

ከበስተኋላ «ካድሬ ነው በይኛ!» የሚል ድምፅ መጣ። ባሻ ናቸው፤ የእግራቸውን ቁስል ሊያሳጥቡ በየጊዜው ይመጡ ነበር። ሲስተር በሩን አይታ «ባሻ፣ እባክዎ!» አለች። ግን ከንፈሯን ነክሳ ስትስቅ አየኋት።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ እጄ የኔ አትመስልም ነበር። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይገናኙ ስላቸው አይገናኙም፤ ጭራሽ ያልጠራኋት ጣት ትነሣለች። ጥጥ ማንሣት፣ ባቄላ ማንሣት፣ ጨርቅ መጭመቅ፤ ሁሉንም ሞከርን። ተስፋዬ እየሳሳ ሲሄድ ያየች ሲስተር አንድ ከሰዓት «ነገ ጡብ እናስጀምርዎታለን» አለችኝ።

ጡብ! ያን ቀን ዘይነባን ለማየት ቸኩዬ ወጣሁ። «ማንኪያዬን አውጪልኝ፤ ቱንቢውንም፣ ገመዱንም። ሥራ ሊሰጡኝ ነው!» በማግስቱ ዕቃዬን በጆንያ ጠቅልዬ፣ የሥራ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ጆንያውን ስፈታ ሲስተር አፏን ይዛ ቀረች።

«ምንድነው ይሄ ጋሽ ኑሪ?»

«ጡብ አላሉኝም?»

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ትልቅ የካርቶን ሣጥን ጎትታ ስትከፍተው በውስጡ የፕላስቲክ ጡብ ነው፤ ከጥፍር የማይበልጥ፣ ራስ ራሱ ላይ ጉብ ጉብ ያለበት። ሐኪሙ ልጆቹን ወደ አገሩ ሲልክ ትተውት የሄዱት መጫወቻ ነው። ሲስተር እስክታነባ ሳቀች፤ ባሻ ደግሞ ማንኪያዬን በሁለት ክንዳቸው ከፍ አድርገው «ሲሚንቶውስ? አሸዋውን ማን ይነፋልሃል? የቀን ሠራተኛ እኔ ነኝ እንዴ?» እያሉ ክፍሉን አሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። ያን ያህል ከሳቅኩ ብዙ ጊዜዬ ነበር።

በሣጥኑ ክዳን ላይ የአውሮፕላን ሥዕል አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምብ ይጥል የነበረ ነው አሉ፤ አራት ሞተር፣ ረጅም ክንፍ፣ ሆዱ የሚከፈት። አሠራሩን የሚያሳይ መጽሐፍም አለው፤ መጽሐፉ አንድም ፊደል የለበትም። ሥዕል ብቻ ነው። መጀመሪያ ይህቺን፣ ቀጥሎ ያቺን፣ በጣት እያሳየ የሚወስድ ነው። ለኔ ዓይነቱ ሰው ታስቦ የተሠራ መሰለኝ። ማን እንደሠራው አላውቅም፤ ግን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንዳይሸማቀቅ ያሰበ ሰው ነውና አላህ ይስጠው።

ባሻ ሥዕሉን ሲያዩ ሳቃቸው ቆመ።

«ይሄን ነው የምትሠራው?»

«አዎ ባሻ።»

«አውቀዋለሁ። የኔ ጊዜው ሦስት ሞተር ነበረው እንጂ ራሱ ነው። በጣልያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ገበያ ቀን ነው። ከላይ መጣ። እንደ ብር ያበራል። አቤት ሲያምር! ገበያተኛው ሸቀጡን ትቶ ቀና ብሎ አፉን ከፈተ። እያደነቅነው ነው የጣለብን።»

«ባሻ፣ እኔ እኮ እጄን ነው የምፈልገው፤ አውሮፕላኑ ምን ያደርግልኛል?» አልኳቸው። ሣጥኑን በክንዳቸው ወደራሳቸው ሳቡ።

«ጥቁሩ ለብቻ፣ ግራጫው ለብቻ» አሉ። «እንዲህ ተዝረክርኮ ግንባታ አለ እንዴ? አንተ ደግሞ ግንበኛ ነኝ ትላለህ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በመዳፋቸው ጠርዝ እየጠረጉ እየለዩ የሚያቀርቡልኝ ባሻ ሆኑ። በሞተሩ ግን እስከ መጨረሻው ተከራክረናል፤ «አንዱን ንቀልለት፤ አራት ውሸት ነው» ይሉኛል።

ሥራው ከባድ ነበር። ጣቴ መያዟን አታውቅም፤ ስለዚህ ዓይኔን ከጡቡ ላይ ካነሣሁ ይወድቃል። ሲገጥም ግን ቀጭ ይላል። ያቺን ድምፅ ጠብቄ መሥራት ለመድኩ፤ ጣቴ የማትነግረኝን ጆሮዬ ይነግረኛል። አንድ ቀጭ ለማሰማት ግማሽ ጠዋት የፈጀሁበት ቀን አለ። ሲስተር ከጎኔ ቁጭ ብላ «አይዞዎት፣ እየተማረ ነው፣ ጅማቱ እየተማረ ነው» ትለኛለች፤ አንድም ቀን ስትሰለች አላየኋትም። ስንት በሽተኛ እየጠበቃት!

አካሉ ደህና ወጣ። ክንፉ ላይ ግን ወደቅኩ። እኔ ሥዕሉን ዘልዬ እንደማውቀው፣ እንደ ግድግዳ፣ ከአካሉ ጎን ለጎን ደርድሬ ለጠፍኩት። ወፍራምና ያማረ ክንፍ ነበር። ሳነሣው ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ተበተነ። ደግሜ ሠራሁ፤ ደግሞ ተበተነ። ግድግዳ ከሥሩ መሠረት አለው፤ ክንፍ አየር ላይ ነው የሚቆመው፤ ይህን ሙያዬ አያውቅም። ወደ መጽሐፉ ተመለስኩ። ለካ ክንፉ ሁለት ክንፍ አይደለም፤ አንድ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በአካሉ ውስጥ ሰንጥቆ ያልፋል፣ በበር አናት ላይ እንደምናሳልፈው አርክትራቭ፤ አካሉ ደግሞ ከላይ ተጭኖ ይይዘዋል። ይህን ያሰበውን ሰው አደነቅኩት። ለጥፋት የተፈለሰፈ ነገር ነው፤ ግን የሚያስብ ጭንቅላት የሚያስብ ጭንቅላት ነው።

ክንፉን ልጨርስ ስል አንድ ጠዋት ሲስተር እንደ ልማዷ መዳፌን ገልብጣ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። አውራ ጣቴ ሥር ውኃ ቋጥሯል፤ መሀሉ ተቦድሷል። የጡቡ ጠርዝ ነው። ጤነኛ ሰው ገና ሲቆጠቁጠው ይተዋል፤ እኔ ምን ቆጥቁጦኝ!

«ይቁም» አለች። «ቁስሉ አጥንት ከገባ ጣቱ ይሄዳል።»

ባሻ ከማዶ ሆነው ጣት የሌለው እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ሲከቱት አየሁ። ቁስሉ እስኪደርቅ እጄ ታስራ ከረመች። ያ ጊዜ ከሁሉም የከፋኝ ነው። ሌሊት እየነቃሁ ፋሻውን እነካለሁ፤ ውስጡ ጣት ይኑር አይኑር አላውቅምና። ዘይነባ እንቅልፍ የወሰዳት እየመሰለኝ ዱዓ ሳደርግ «አሚን» ትለኛለች ከጨለማው ውስጥ።

አልሐምዱሊላህ፣ ደረቀ። ሲስተር አውራ ጣቴን በስስ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ብዙ እንዳልጫን አስጠንቅቃ አስቀጠለችኝ። ክንፉ ቆመ፤ ሞተሮቹ ገቡ፤ አራቱም! መጨረሻ የቀረው ሆዱ ነበር። በሩ የሚከፈት፣ በውስጡ የሚደረደሩ ጥቁር ጥቁር ቦምቦች ያሉት። ልጀምር ስል ባሻ ቦምቦቹን በክንዳቸው ጠርገው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷቸው።

«ይሄ እኔ ጋ ይቀራል» አሉ። «ባዶውን ይብረር።»

ማንም አልተከራከራቸውም።

ሕክምናዬ አልቆ ወደ ቤት የተመለስኩበትን ቀን ከማውራቴ በፊት ለአንባቢ ያለኝን ምክር እዚህ ላይ ልጨርስ፤ በኋላ እንዳልረሳው። ሰውነትህ ላይ ፈዘዝ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካየህ ቋቁቻ ነው ብለህ ሎሚ አትቀባ፤ ቶሎ ተመርመር። ሕመም የሌለበት ቁስል ከሚያመው የባሰ ነው። ስሜት ያጣ እጅ ካለህ በየማታው በብርሃን ገልብጠህ እየው፤ ትኩስ ነገር በጨርቅ ያዝ። ሕክምና የጀመረ ሰው በሽታውን ለቤተሰቡ ያስተላልፋል ብለህ አትሽሽ፤ ዘይነባ ይኸው ሸምግላ አብራኝ ትበላለች። እኔ መድኃኒቴን ጨርሻለሁ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። ሐኪሙ አውሮፕላኑን «ውሰደው» አለኝ። ዘይነባ ልትወስደኝ መጥታ ነበር፤ አውሮፕላኑን በሻሿ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እጄን ገና በሥራ ላይ አላየቻትም፤ «ድነሃል?» ብላ ለመጠየቅም ፈርታ ሻሹን ብቻ ታስተካክል ነበር። ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ሰፈራችን ስንወጣ ድልድዩ አጠገብ ፍተሻ ገጠመን። መሣሪያ የያዙ የቀበሌ ጥበቃዎች ሰዉን አሰልፈዋል። ተራችን ደረሰ።

«ምንድነው የያዝከው?» አለኝ አንዱ።

«አውሮፕላን ነው ልጄ።»

«ምን አውሮፕላን?»

እኔ ደግሞ የተጠየቅኩትን መመለስ ነው የማውቀው። «ቦምብ ጣይ» አልኩት።

ከኋላችን የነበረው ሰልፍ ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሸ። ዘይነባ «የጡብ ነው! የጡብ ነው!» ትላለች።

«ጡብ? ይሄ ጡብ ነው? ቦምቡስ የት አለ?»

«ቦምቡማ ባሻ ደገፉ ኪስ ውስጥ ቀርቷል።»

ወላሂ እውነቱን ነው የነገርኩት። ዘይነባ ጎኔን ቆነጠጠችኝ፤ እንደ ዕድል ሆኖ ጎኔ ይሰማዋል። ልጁ መሣሪያውን ወደኛ አዞረ። «ባሻ ደገፉ ማነው? ስንት ናችሁ?» እያለ ሲጮህ አንድ ሸበቶ ያለበት አሥር አለቃ መጣ። ሻሹን ገለጠ። ዞር አድርጎ አየው። ሆዱን ከፈተ፣ ዘጋ።

«ይፍቱት» አለኝ። «ውስጡ ምንም እንደሌለ በዓይኔ ልይ።»

የድልድዩ መከለያ ግንብ ላይ አስቀመጥኩት። ሲስተር የለች፣ ባሻ የሉ። ዓይኔን ጣቴ ላይ ተከልኩና በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መፍታት ጀመርኩ፤ ክንፉን ከአካሉ፣ ሞተሩን ከክንፉ። ሰዉ ቀስ በቀስ ተጠጋ። ሁሉም ሻሹ ላይ ተዘረገፈ፤ ምንም የለም። አሥር አለቃው ግን አልሄደም። ቁጭ አለና አንዷን ጡብ አነሣ።

«ይቺ የት ነበረች?»

«እዚህ ጋ ነች።»

ሊገጥማት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ጣቱ ወፍራም ነው፤ ጡቧ ታመልጠዋለች። አንድ ሁለቴ ሞክሮ ሲያቅተው ከእጁ ተቀብዬ ገጠምኳት። ቀጭ። ሌላም ሰጠኝ። ቀጭ። መጽሐፉ ሆስፒታል ቀርቷል፤ ግን አሠራሩ ከልቤ ነበር። ያ ልጅ እግር ጥበቃ መሣሪያውን ትከሻው ላይ አንግቶ «ክንፉን ያሳልፉት አባባ፣ በመሀል ነው የሚያልፈው፣ ሲፈቱት አይቻለሁ» እያለ ያዘኝ። ድምፁ የጡቡን ድምፅ ሸፈነብኝና «ዝም በል፣ ሰውየው ይስማበት!» አለው አሥር አለቃው። ምን እንደምሰማ እንዴት እንዳወቀ እንጃ።

ዘይነባን ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ዓይኔን ካነሣሁ ጡቡ ይወድቃል። ግን ትንፋሿን እሰማ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ የምታውቃት እጅ ናት።

አውሮፕላኑ ቆመ። አሥር አለቃው አንሥቶ አንዴ አየር ላይ አንሳፈፈውና እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ አስረከበኝ።

«የት ነው የሚሠሩት አባት?»

«ግንበኛ ነኝ» አልኩት።

«ያስታውቃል» አለ። «እጅዎ ይባረክ።»

ዘይነባ ናት «አሚን» ያለችልኝ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብላ።